ሙቀት ይለካል ወይስ ይሰፈራል?
የካሎሪሜትር ስያሜ ታሪክና የአማርኛ አቻው

አንድ የሳይንስ ቃል ወደ ቋንቋችን ሲመለስ ዘወትር የምንደክመው ለቃሉ አቻ ለማግኘት ነው። ቃሉ ሲፈጠር ሊፈታው የተነሣውን ችግር ግን መለስ ብለን የምንመረምረው ጥቂት ጊዜ ነው። ይህ ልማድ ከሚያስከትላቸው ስሕተቶች አንዱን በካሎሪሜትር ላይ እናገኘዋለን። ቴርሞሜትር «የሙቀት መለኪያ» ተብሎ ከተለመደ ሰንብቷል። ካሎሪሜትር የሚለውን ቃል ደግሞ በየክፍሉ የሚፈታ ተርጓሚ «ካሎር» ሙቀት፣ «ሜትር» መለኪያ መሆኑን ዐይቶ ለሁለተኛውም መሣሪያ «የሙቀት መለኪያ» ከማለት ሌላ መንገድ አይታየውም። እንዲህ ሲሆን ሁለት ልዩ ልዩ መሣሪያዎች አንድ ስም ይይዛሉ። ከስሙም ጋር ሁለት ልዩ ልዩ ሐሳቦች በአንባቢው አእምሮ ውስጥ ይቀላቀላሉ።

በዚህ ጽሑፍ የካሎሪሜትርን ስያሜ ታሪክ ከመነሻው ተከትለን፣ አማርኛ ለዚህ ችግር የራሱ የሆነ መፍትሔ ያለው መሆኑን ለማሳየት እንሞክራለን። ለምሳሌ የምንመርጠውም ከጎንደር በስተደቡብ በባሕር ዳር መንገድ ላይ የምትገኘውን ጠዳን ነው። ጠዳ በስሟ የሚጠራ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ያለባት ከተማ እንደ መሆኗ፣ የሙቀትና የካሎሪ ቃላት በዚያ ከመዝገበ ቃላት አልፈው የዕለት ተዕለት የትምህርት መሣሪያዎች ናቸው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሀ. ሁለቱ ሐሳቦች ሳይለዩ

ሁለቱን ሐሳቦች ያልለየው አማርኛ ብቻ እንዳይመስለን ያስፈልጋል። ፋረንሃይት በ1724፣ ሴልሲየስም በ1742 በስማቸው የሚጠሩትን እርከኖች ባወጡ ጊዜ፣ ቴርሞሜትሩ የሚያሳየው ቍጥር በአካሉ ውስጥ ያለው ሙቀት ራሱ እንደ ሆነ አድርገው የሚያስቡ ሊቃውንት ብዙ ነበሩ። ይህን አስተሳሰብ የለወጠው ስኮትላንዳዊው ጆዜፍ ብላክ ነው። ብላክ በግላስጎ ዩኒቨርሲቲ በሚያስተምርበት ጊዜ፣ በ1760ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሁለት ነገሮችን አስረዳ። አንደኛ፣ በረዶ በመቅለጥ ላይ ሳለ ያለማቋረጥ ሙቀት ሲቀበል ቴርሞሜትሩ ግን ቀልጦ እስኪያልቅ ድረስ ከነበረበት አይነቃነቅም። ይህን ቴርሞሜትሩ የማያየውን ሙቀት «ስውር ሙቀት» አለው። ሁለተኛ፣ ክብደታቸው እኩል የሆነ ውሃና ሜርኩሪ እኩል ሙቀት ቢሰጣቸው ሜርኩሪው ከውሃው ይልቅ እጅግ ይግላል። ስለዚህ የሙቀት ብዛትና የሙቀት ደረጃ አንድ ነገር አይደሉም ማለት ነው።

ብላክ ይህን ለተማሪዎቹ በሚያስተምርበት ዘመን የአገሩ ሰው ጀምስ ብሩስ ቴርሞሜትርና ባሮሜትር ይዞ ወደ ኢትዮጵያ መጣ። በፌብሩዋሪ 1770 ጎንደር ገብቶ፣ በከተማይቱና እቴጌ ምንትዋብ ባሠሩት በቍስቋም ተቀምጦ፣ እስከ 1771 መጨረሻ ድረስ ቈየ። በዚህም ጊዜ የዝናቡንና የአየሩን ሁኔታ ይመዘግብ ነበር። የጕዞው ታሪክ በ5 ቅጾች በ1790 ታትሟል። ለእኛ ጉዳይ ቁም ነገሩ ይህ ነው፤ ብሩስ ወደ ጎንደር ያመጣው መሣሪያ የሙቀትን ደረጃ የሚያሳየውን ነው። የሙቀትን ብዛት የሚያሳየው መሣሪያ በዚያን ጊዜ በአውሮፓም ገና ስም አልነበረውም።

ለ. መሣሪያው ስም ሲያገኝ

መሣሪያው የተሠራው ብሩስ ከጎንደር ከወጣ ከ11 ዓመታት በኋላ በፓሪስ ነው። በ1782 እና በ1783 መካከል በነበረው ክረምት አንቷን ላቮዋዚዬና ፒየር ሲሞን ላፕላስ አንዱ በሌላው ውስጥ የሚገባ ሦስት ክፍል ያለው ዕቃ አሠሩ። በውስጠኛው ክፍል የሚመረመረው ነገር ይገባል፤ በመካከለኛው ክፍል በረዶ ይሞላል፤ በውጭኛውም ክፍል ሌላ በረዶ ሆኖ የአካባቢው አየር ሙቀት ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ ይከላከላል። ከውስጥ የሚወጣው ሙቀት የመካከለኛውን በረዶ ያቀልጠዋል። የቀለጠውም ውሃ በታች በኩል ወጥቶ ይመዘናል። የጊኒ አሳማ የምትባለውን ትንሽ እንስሳ በውስጡ አድርገው በ10 ሰዓት ጊዜ ውስጥ 13 አውንስ ገደማ፣ ይኸውም ወደ 400 ግራም የሚጠጋ በረዶ እንደምታቀልጥ አገኙ። ከዚህም መተንፈስ ዝግ ያለ የመቃጠል ዐይነት ነው ወደሚል መደምደሚያ ደረሱ።

ላቮዋዚዬ ለቃላት እጅግ የሚጠነቀቅ ሰው ነበር። በ1787 ከሦስት ባልደረቦቹ ጋር የኬሚስትሪን ስያሜዎች ከመሠረታቸው ያስተካከለ መጽሐፍ አውጥቷል። በ1789 ባሳተመው የኬሚስትሪ መማሪያ መጽሐፉ ይህን መሣሪያ «ካሎሪሜትር» ብሎ ሰየመው። «ካሎር» ላቲን ሲሆን «ሜትሮን» ግሪክ ነው። ሁለት ቋንቋ ማዳቀል በሥነ ቃላት ሊቃውንት ዘንድ እንደሚያስነቅፈው ራሱ በመጽሐፉ ውስጥ አምኗል። ነገር ግን ስሙ ሙሉ በሙሉ ከግሪክ ቢወሰድ ለሌላ አገልግሎት ከታወቀ መሣሪያ ስም ጋር እጅግ ይቀራረብ እንደ ነበር ገልጾ፣ ሐሳብን ለይቶ ለማሳየት ሲባል ከሥርወ ቃል ሕግ ጥቂት መራቅ ይቅር የሚባል መሆኑን አስረድቷል።

እንግዲህ ዛሬ አማርኛ ተርጓሚውን የሚያስጨንቀው ችግር ላቮዋዚዬን ያስጨነቀው ያው ችግር ነው። «ቴርሞ»ም ሙቀት ነው፤ «ካሎር»ም ሙቀት ነው። የፈረንሳይ ሊቅ ከችግሩ የወጣው አንዱን ሙቀት ከግሪክ፣ ሌላውን ሙቀት ከላቲን በመውሰድ ነው። ልዩነቱን የተሸከመው የስሙ የመጀመሪያ ክፍል ሆኖ፣ «ሜትር» የሚለው ሁለተኛው ክፍል ግን በሁለቱም ስሞች ውስጥ አንድ ሆኖ ቀርቷል። አማርኛ በተቃራኒው መንገድ ሊሄድ እንደሚችል ወደ ኋላ እናያለን።

ሐ. ኖራና ውሃ

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በኬሚካዊ አፀግብሮት የሚወጣ ሙቀት ለጎንደር ሰው አዲስ ነገር አይደለም። አፄ ፋሲለደስ በ1636 ጎንደርን መናገሻ ካደረጉ በኋላ የተሠሩት ግንቦች በድንጋይና በኖራ የታነጹ ናቸው። የኖራ ድንጋይ በምድጃ ሲቃጠል በውስጡ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቅና የተቃጠለ ኖራ ይቀራል። በዚህ ላይ ውሃ ሲፈስበት እሳት ሳይነካው ይግላል፤ ይተነፍጋል፤ ይንተከተካል። «ኖራ» የሚለው ቃል ከዐረብኛው «ኑራ» ጋር አንድ ነው። በሶርያኛ ደግሞ «ኑራ» እሳት ማለት መሆኑን ለሥርወ ቃል ተመራማሪዎች እናስታውሳለን።

ይህን አፀግብሮት በቀላል ካሎሪሜትር መመርመር ይቻላል። መሣሪያው አንዱ በሌላው ውስጥ የሚገባ ሁለት ኩባያ፣ በመካከላቸው ጥጥ፣ ከላይ ክዳን፣ በክዳኑም ቀዳዳ የሚገባ ቴርሞሜትርና ማማሰያ ዘንግ ነው። በውስጠኛው ኩባያ 200 ግራም ውሃ አድርገን 10 ግራም ንጹሕ የተቃጠለ ኖራ ብንጨምርበት፣ ወደ ውጭ የሚባክነው ሙቀት ካልተቈጠረ፣ ቴርሞሜትሩ ወደ 14 ዲግሪ ሴልሲየስ ያህል ከፍ ይላል። (ኖራው ዐይንና ቆዳ የሚያቃጥል ስለሆነ የዐይን መከላከያና ጓንት ያስፈልጋል።) ሥራውን በ400 ግራም ውሃ ብንደግመው ግን ቴርሞሜትሩ ከፍ የሚለው 7 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የስያሜው ጉዳይ ከቃል ጨዋታ የሚያልፍበትን ምክንያት እናገኛለን። ካሎሪሜትር «የሙቀት መለኪያ» ነው ተብሎ የተነገረው ተማሪ፣ የተለካው ሙቀት በመጀመሪያው ሙከራ 14፣ በሁለተኛው 7 ነው ብሎ ይጽፋል። አንድ ዐይነት ኖራ፣ እኩል ክብደት ያለው፣ ሁለት ልዩ ልዩ ሙቀት የሰጠ ይመስለዋል። እውነቱ ግን በሁለቱም ጊዜ የወጣው ሙቀት አንድ ነው፤ ወደ 11.6 ኪሎ ጁል ይጠጋል። የተለወጠው ሙቀቱን የተካፈለው ውሃ ነው። ካሎሪሜትር ሥራውን የሚፈጽመው የውሃውን ክብደት፣ የውሃውን ሙቀት የመያዝ ዐቅም (ለ1 ግራም በ1 ዲግሪ 4.18 ጁል) እና የቴርሞሜትሩን ልዩነት ካባዛን በኋላ ነው። ቴርሞሜትር የካሎሪሜትር አንድ ክፍል እንጂ ካሎሪሜትር ራሱ አይደለም።

በዚሁ አጋጣሚ ሌላ የአፈታት ስሕተት እናመልክት። ተማሪው ቴርሞሜትሩ ትክክል መሆኑን በሚፈላ ውሃ ሊፈትን ቢፈልግ፣ በጠዳ ከፍታ፣ ይኸውም ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር አካባቢ፣ ውሃ የሚፈላው ወደ 93 ዲግሪ ሲደርስ ነው። ወደ ሰሜን ወጥቶ በደባርቅ ቢሞክረው ከ91 ብዙም አይርቅም። «ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል» የሚለው ፍቺ «በባሕር ጠለል የአየር ግፊት» የሚለውን ቃል ካላከለ፣ ከባሕር ዳርቻ አገሮች መጻሕፍት የተገለበጠ ፍቺ ሆኖ ይቀራል። የደጋው ተማሪም ደኅና ቴርሞሜትሩን ተበላሽቷል ብሎ ይጥላል።

መ. ለካ፣ መዘነ፣ ሰፈረ

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንመጣለን። እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ በአንድ ግሥ የሚጠቀልሉትን አማርኛ በሦስት ግሦች ይለየዋል። ጨርቅ በክንድ ይለካል፤ ቅቤና ወርቅ ይመዘናል፤ እህል በቍና ወይም በጣሳ ይሰፈራል። በጠዳም ሆነ በማክሰኚት ገበያ ጤፍ «ለካልኝ» የሚል ገዥ አይገኝም፤ «ስፈርልኝ» ነው የሚለው። «መለካት» አንድን ነገር በምልክት ላይ ከተዘረጋ እርከን ጋር ማስተያየት ነው። «መስፈር» ግን ብዛትን በታወቀ ዕቃ ቈጥሮ ማወቅ ነው። የተሰፈረ ነገር ይደመራል፤ ይቀነሳል፤ ይበደራል፤ ይመለሳል። ሁለት ቍና ላይ ሦስት ቍና ቢጨመር አምስት ቍና ይሆናል። 20 ዲግሪ ባለው ውሃ ላይ 30 ዲግሪ ያለው ውሃ ቢጨመር ግን 50 ዲግሪ አይሆንም። መጠነ ሙቀት የሚለካ፣ ሙቀት ግን የሚሰፈር ነው የምንለው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን የሚያጸና ማስረጃ ከኖራው እንውሰድ። ገርማን ሄስ በ1840 በፒተርስቡርግ ባወጣው ሕግ መሠረት፣ አንድ አፀግብሮት በአንድ እርምጃ ቢፈጸም ወይም በብዙ፣ የሙቀቱ ድምር አንድ ነው። 56 ግራም የተቃጠለ ኖራ ለማግኘት ምድጃው 178 ኪሎ ጁል ያህል ለድንጋዩ ይሰጣል። ይኸው ኖራ ውሃ ሲጠጣ 65 ኪሎ ጁል ወዲያው ይመልሳል። በግንቡ ላይ ተለጥፎ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ቀስ በቀስ እየወሰደ ተመልሶ ድንጋይ ሲሆን ደግሞ 113 ኪሎ ጁል ይመልሳል። ሁለቱ ሲደመሩ 178 ናቸው። ተሰፍሮ የተበደረ እህል ተሰፍሮ እንደሚመለስ ማለት ነው። ይህን ሒሳብ «ለካ» በሚለው ግሥ ለመናገር ብንሞክር አይመችም፤ በ«ሰፈረ» ግን ገበሬውም ነጋዴውም ይረዳዋል።

ስለዚህ ለቴርሞሜትር «የሙቀት ደረጃ መለኪያ»፣ ለካሎሪሜትር ደግሞ «የሙቀት መስፈሪያ» የሚሉት አቻዎች ይስማማሉ እንላለን። ላቮዋዚዬ ልዩነቱን በ«ሙቀት» ላይ እንዳኖረው፣ አማርኛ በግሡ ላይ ሊያኖረው ይችላል።

በዚህ ሐሳብ ላይ ሁለት ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። የመጀመሪያው፣ «ሰፈረ» በአማርኛ «ተቀመጠ፣ ተተከለ» የሚልም ፍቺ ስላለው «መስፈሪያ» የሰፈራ ቦታ ይመስላል የሚል ነው። ሁለቱን አገባቡ ይለያቸዋል። የሚሰፍረው ሰው ወይም ሠራዊት ነው፤ የሚሰፈረው ደግሞ እህል ነው፤ አንዱ የማይሻገር ግሥ ሲሆን ሌላው ተሻጋሪ ነው። «የሙቀት» የሚለው ዘርፍ ሲቀድመው ጥርጣሬ አይኖርም። በግእዝም «ሰፈረ» እና «መስፈርት» በዚሁ በመጠን ፍቺ የታወቁ ናቸው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ የከበደ ነው። እህል ቁስ ነው፤ ሙቀት ግን ቁስ አይደለም። ላቮዋዚዬ ሙቀት «ካሎሪክ» የተባለ ክብደት የሌለው ቁስ ነው ብሎ ያምን ነበር። በ1798 የመድፍ አፈሙዝ ሲቦረቦር የሚወጣውን ሙቀት የመረመረው ራምፎርድ፣ በኋላም በ1840ዎቹ ጀምስ ጁል፣ ይህን እምነት አፈረሱት። «መስፈሪያ» ብንል የፈረሰውን ሐሳብ መልሰን እናመጣለን? አይመስለንም። ቁስ አይደለም ማለት አይሰፈርም ማለት አይደለም። ጁል ያሳየው ሙቀት የጉልበት መተላለፊያ መንገድ መሆኑንና ጉልበትም ሳይጐድል ሳይተርፍ የሚቈጠር መሆኑን ነው። ከዚህም በላይ «ካሎሪሜትር» የሚለው ስም የካሎሪክን ዘመን ትዝታ ይዞ እስከ ዛሬ ሲሠራበት ማንንም አላሳሳተም።

በኋላ ለመጡት የመሣሪያው ዐይነቶችም ይኸው ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የፈረንሳዩ ማርስለን በርትሎ ነገሮችን በኦክስጅን በተሞላ ወፍራም የብረት ዕቃ ውስጥ እያቃጠለ የሚወጣውን ሙቀት ሲመረምር፣ ዕቃው «ቦምብ» ተባለ። ይህን በአማርኛ «ቦምብ» ብሎ ማስቀረት ለአንባቢው የሚፈነዳ መሣሪያ ያሳየዋል። «ዝግ የብረት መስፈሪያ» ቢባል የታሰበው ይገለጻል።

ሠ. ካሎሪና ፊደላችን

የመጨረሻው ጉዳይ ለጠዳ የጤና ተማሪዎች ከሁሉ የቀረበ ነው። «ካሎሪ» የሚለው መስፈሪያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሲወጣ ሁለት ፍቺ ይዞ ቀረ። ትንሹ ካሎሪ 1 ግራም ውሃን በ1 ዲግሪ የሚያሞቀው ሲሆን፣ ትልቁ 1 ኪሎ ግራም ውሃን በ1 ዲግሪ የሚያሞቀው ነው። በመካከላቸው የ1,000 እጥፍ ልዩነት አለ። በእንግሊዝኛ የሥነ ምግብ ጽሑፍ ትልቁን ካሎሪ በትልቅ ፊደል፣ ትንሹን በትንሽ ፊደል ጀምሮ የመጻፍ ልማድ ነበር። ይህ ልማድ በራሱ ቋንቋ እንኳ ደካማ ነው። ወደ እኛ ሲመጣ ደግሞ ፈጽሞ ይጠፋል፤ ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ብሎ የሚለየው መልክ የለውምና። «ካ» ምን ጊዜም «ካ» ነው።

በመሆኑም አንድ ተርጓሚ ያየውን ቃል እንዳለ «2,000 ካሎሪ» ብሎ ሲያስቀምጥ፣ የሰውን የቀን ምግብ ከሚገባው አንድ ሺኛ አድርጎ ሊጽፍ ይችላል። 100 ግራም ያልበሰለ ጤፍ ወደ 367 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። ይህ «367 ካሎሪ» ተብሎ ተጽፎ በትንሹ ካሎሪ ከተነበበ፣ አንድ ኩባያ ውሃ ሁለት ዲግሪ እንኳ በቅጡ አያሞቅም። የሕፃናትን ምግብ የሚያሰላ የጤና ሠራተኛ ቃሉን በጁል ወደተጻፈ ሠንጠረዥ ሲለውጠው ስሕተቱ ከወረቀት ወደ ሳሕን ይሻገራል። በ1948 ዓለም አቀፉ የመለኪያዎች ጉባኤ ጁል የሙቀትም መስፈሪያ እንዲሆን የወሰነ ሲሆን፣ 1 ካሎሪ 4.184 ጁል ተብሎ ይቈጠራል። በአማርኛ ጽሑፍ ለምግብ ዘወትር «ኪሎ ካሎሪ» ወይም «ኪሎ ጁል» ተብሎ እንዲጻፍ፣ ብቻውን የቆመ «ካሎሪ» እንዳይታተም እናሳስባለን።

ረ. ለመዝገብ የሚቀርቡ ፍቺዎች

ከላይ በተዘረዘሩት ምክንያቶች የሚከተሉት ፍቺዎች በመዝገበ ቃላት ዝግጅት እንዲታዩ እናቀርባለን።

ሙቀት፦ ከሞቀ አካል ወደ ቀዘቀዘ አካል የሚተላለፍ ጉልበት፤ በጁል ይሰፈራል።

መጠነ ሙቀት፦ የአንድ አካል የመሞቅ ወይም የመቀዝቀዝ ደረጃ፤ በዲግሪ ሴልሲየስ ወይም በኬልቪን ይለካል።

የሙቀት መስፈሪያ (ካሎሪሜትር)፦ በአፀግብሮት ወይም በሌላ ለውጥ የሚወጣውን ወይም የሚገባውን ሙቀት ብዛት ለማወቅ የሚያገለግል፣ ከአካባቢው አየር የተከለለ ዕቃ።

ሙቀት ሰጪ፣ ሙቀት ተቀባይ፦ የአፀግብሮት ቅጽሎች፤ የመጀመሪያው ሙቀት ወደ ውጭ ሲያወጣ፣ ሁለተኛው ከውጭ ሲያስገባ።

መፍላት፦ ፈሳሽ ከላይ ከሚጫነው የአየር ግፊት ጋር በሚስማማ መጠነ ሙቀት መላ አካሉ ወደ ተን የሚለወጥበት ሁኔታ፤ ውሃ በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ፣ በከፍተኛ ቦታ ግን ከዚያ ባነሰ ይፈላል።

«ካሎሪሜትር» የሚለው የውጭ ቃል በቅንፍ አብሮ እንዲቈይ የፈለግነው ተማሪው በአንደኛ ደረጃ በአማርኛ የተማረውን ወደ ላይ ሲወጣ በእንግሊዝኛ ስለሚያገኘው ነው። በአማርኛ ሁለቱን ሐሳቦች ለይቶ የተማረ፣ በእንግሊዝኛ ሁለቱን ቃላት ሲያገኝ የሚጠብቀው ስሙን ማወቅ ብቻ ይሆናል። በአማርኛ ቀላቅሎ የተማረው ግን በሌላ ቋንቋ እንዲለያቸው መጠየቅ ሁለት ትምህርት በአንድ ጊዜ መጫን ነው። ተርጓሚዎችና የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆች በእጃቸው ያሉትን ጽሑፎች በዚህ ዐይን እንዲመረምሯቸው፣ «መለኪያ» የሚለው ቃል ስንት መሣሪያ እንደ ተሸከመም እንዲቈጥሩ እንጠይቃለን።